ሻይ እና አንዲት ጭረት

ሽማግሌው «ቴ» ሲሉኝ ፈረንሳይኛ መሰለኝ።

ሺያመን ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ሺያመን በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በፉጂየን ክፍለ ሀገር፣ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። (የኛዋን ባሕር ዳር አላልኩም።) የሄድኩት ለትምህርት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ነበር። ከማደሪያችን ጀርባ ሻይ ቅጠል ብቻ የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይጠራሉ። እኔንም ጠሩኝ። ወንበር ሳቡልኝና «ሊም ቴ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ «ቻ»ን ስለማመድ ነው የከረምኩት። ሻይ ማለት «ቻ» ነው ተብያለሁ። ታዲያ ይሄ «ቴ» ከየት መጣ? ጥቁር እንግዳ ሲያዩ ፈረንሳይኛ የምናገር መስሏቸው ይሆናል ብዬ «ሜርሲ» አልኳቸው። ምንም አልገባቸውም። ሳቁና ቀዱልኝ።

ሲኒው የኛን ሲኒ ግማሽ ያህላል። ስኳር የለም። ጅማ ላደገ ልጅ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳርና ቀረፋ ለለመደ ምላስ፣ ጉድ ነው። አንዱን ጨረስኩ፣ ደገሙኝ። እዚያው ቅጠል ላይ ነው ውሃ የሚጨምሩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ በልቤ ቆጠርኩ። በረካ ካለቀ ተነስቼ አመሰግናለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። አራተኛው መጣ። አምስተኛው መጣ። ሰባት ላይ መቁጠር ተውኩ።

በማግስቱ መምህርታችንን ጠየቅኋት። የሰሜን ሰው ናት፣ የሐርቢን። ፈገግ አለችና «የሰፈሩ ቋንቋ ነው» አለችኝ። «እሳቸው ‹ቴ› ይላሉ፣ እኔ ‹ቻ› እላለሁ። ስንጽፈው ግን ያው አንድ ነው።»

ለሀበሻ ይሄ ያን ያህል እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። «፭»ን አስቡት። አማርኛ ተናጋሪው አምስት ይለዋል፣ ትግርኛ ተናጋሪው ሓሙሽተ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሸን። ምልክቱ ድምፁን አይነግርህም፣ ነገሩን ነው የሚነግርህ። የቻይና ጽሑፍ በጥቅሉ እንደዚያ ነው። አንዷ የሻይ ምልክት ከቤጂንግ እስከ ቶኪዮ ትጻፋለች፣ እያንዳንዱ በራሱ አፍ ያነባታል።

ለማታውቋት ልሳላት። ከላይ ሁለት አጫጭር መስቀሎች ተጣብቀው እንደቆሙ ያለ ምልክት አለ። እሱ ሣር ወይም ቅጠላ ቅጠል ነው። መሀል ላይ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው አለ። ከሥር ዛፍ። በጠቅላላው ዘጠኝ ጭረት። መምህርታችን ስታስተምረን «ሰው በሣርና በዛፍ መሀል ሲቀመጥ ሻይ ይጠጣል» አለችን። ክፍሉ ሁሉ ወደደው። እኔም ወደድኩት። ደብዳቤ ላይ ሳይቀር ለቤተሰብ ጽፌዋለሁ።

ውሸት ነው። ማለቴ፣ ለማስታወስ የተፈጠረ ቆንጆ ውሸት ነው። እውነተኛውን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ውርደት ልናገር። ቻይንኛ ዜማ አለው። «ቻ» ሻይ የሚሆነው ድምፅህን ሽቅብ ስትወስደው ነው፣ «እ?» ብለህ እንደምትጠይቅ። ቁልቁል ከጣልከው «መናኛ» ወይም «የጎደለ» ማለት ነው። ለሁለት ወር ያህል ሰው ቤት ተጋብዤ፣ ሻይ ቀርቦልኝ፣ በደስታ ሲኒውን ከፍ አድርጌ «መናኛ!» ስል ኖርኩ። ማንም አላረመኝም። ይሉኝታ እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ በመጨረሻ ሲነግረኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ብለው እንደታገሱኝ አሰብኩ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «አለ»ን ሲያጠብቅና ሲያላላ ተቀይሮበት፣ የተናገረውን ሰው «ይገኛል» ሲለው እኛም እንደዚያው እናልፈዋለን።

ወደ ውሸቱ ልመለስ። የሻይ ፊደል እናት አላት። እናትየዋ ዐሥር ጭረት ናት። ንባቧም «ቱ» ነው። ከላይ ያው ቅጠላ ቅጠል አለ። ከሥሩ ያለው ግን ሰውና ዛፍ አይደለም። ድምፁን እንዲጠቁም ብቻ የገባ አንድ ሌላ ፊደል ነው። አብዛኞቹ የቻይና ፊደላት የተሠሩት እንደዚህ ነው። አንደኛው ክፍል «ነገሩ ከምን ወገን ነው» ይላል፣ ሁለተኛው «አነባበቡ ይሄን ይመስላል» ይላል። ስለዚህ ሰው ተብሎ የተተረጎመልን ነገር ሰው ሆኖ አያውቅም።

«ቱ» እንደ ጎመን የሚበላ መራራ ቅጠል ነበር። በጥንታዊው የቻይናውያን የግጥም መድብል ውስጥ ባሏ የተዋት ሴት አለች። እሱ አዲስ ሚስት ሲያገባ እሷ ከቤት ትወጣለች። መንገድ ላይ ሆና «ቱን መራራ ያለው ማነው? ለኔ ጣፋጭ ነው» ትላለች። ሐዘኔ ከዚያ ይመራል ማለቷ ነው። እኛ ብንሆን ግራዋ እንላለን። ይህ ግጥም ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ያቺን መስመር ሳነብ፣ ሽማግሌው የቀዱልኝን ያለ ስኳር ሻይ አስታወስኩ።

ኋላ ላይ ሻይ መጠጣት ሲስፋፋ፣ ለዚያ ቅጠልም ያችው «ቱ» ተዋሰች። አንድ ፊደል ሁለት ሥራ ያዘች ማለት ነው። ጎመን ነው የሚለው ወይስ ሻይ? አንባቢው ከአረፍተ ነገሩ ይገምት። እስከ ታንግ ሥርወ መንግሥት ድረስ እንዲህ ኖሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ አንድ ጭረት ከመሀል ወጣች። ዐሥር የነበረው ዘጠኝ ሆነ። ጎመኑ ለብቻው፣ ሻዩ ለብቻው።

ይሄ መቼ ሆነ ለሚለው ብዙዎች ሉ ዩን ያመሰግናሉ። ሉ ዩ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሻይ ብቻ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ስለ ውሃው፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ዕቃው ዐሥር ምዕራፍ። እኔ ግን የማምነው ድንጋዩን ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጉ ያንዉ የሚባል ሊቅ ነበር። ታይ ተራራ ወጥቶ የታንግ ዘመን የድንጋይ ጽሑፎችን አንድ በአንድ አነበበ። የ779 ዓመቱ ድንጋይ ላይ ጭረቷ አለች። የ798ቱ ላይም አለች። በሌሎች ሐውልቶች ላይ ግን፣ በ841 እና በ855 በተጻፉት፣ ጭረቷ የለችም። እንግዲህ የወደቀችው በነዚህ መሀል ነው ብሎ ጻፈ። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! አንዲት ጭረት ፍለጋ ተራራ መውጣት። አንድ ቀን ታይ ተራራን ማየት እፈልጋለሁ። እስካሁን አልሆነልኝም።

ይሄን ሳነብ በራሴ ፊደል ላይ ዓይኔ አረፈ። «ተ»ን ጻፉ። አናቷ ላይ ሰረዝ ጨምሩ። «ቸ» ሆነች። ግዕዝ «ቸ» የሚባል ፊደል አልነበረውም፣ ድምፁም አልነበረውም። አማርኛ መጻፍ ሲጀምር ለራሱ ድምፅ ፊደል አጣና ከጎረቤቷ «ተ» ላይ ሠራ። «ሸ»ን ከ«ሰ»፣ «ጀ»ን ከ«ደ» እንደሠራው ሁሉ። እነሱ አንድ ጭረት ቀንሰው «ቱ»ን «ቻ» አደረጉ። እኛ አንድ ጭረት ጨምረን «ተ»ን «ቸ» አደረግን። ግጥምጥሞሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማታ ላይ ብቻዬን ማደሪያዬ ውስጥ ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ከፊደሉ ይልቅ ድምፁ ላይ ያለው ዝምድና ግን ከግጥምጥሞሽ ያልፋል። ግዕዝ ሴትን «አንቲ» ይላል። እኛ «አንቺ» እንላለን። «ክፈት» ለወንድ፣ «ክፈቺ» ለሴት። «ተ» በአፋችን ውስጥ ሲለሰልስ «ቸ» ይሆናል። በቻይናም የሆነው የዚህ ወንድም ነው። ምክንያቱ እንደኛው አይደለም፣ መጨረሻው ግን ይመሳሰላል። ጥንት የሻይ ስም መነሻው ላይ ወደ «ተ» እና «ደ» የቀረበ ድምፅ ነበረው። አብዛኛው አገር ቀስ በቀስ ወደ «ቸ» ሄደ። የፉጂየን ሰዎች ግን ለውጡ ሳይደርስ ቀድመው ከግንዱ ተለይተው ነበርና «ተ»ን ይዘው ቀሩ። ሽማግሌዬ «ቴ» ሲሉ የጥንቱን ነው የሚናገሩት። እሳቸው «አንቲ» እያሉ፣ መምህርቴ «አንቺ» እያለች ነው።

በሻይ ብቻ የሆነም አይደለም። በቤጂንግ «ቸን» የሚባለው የቤተሰብ ስም በሺያመን «ታን» ነው። ሲንጋፖርና ማሌዥያ ውስጥ «ታን» የሚባል ቻይናዊ ካገኛችሁ፣ አያቶቹ ከዚያ ጠረፍ የሄዱ ናቸው ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም። ዋና ከተማው «ቸ» በሚልባቸው ሌሎች ቃላትም ሽማግሌዬ «ተ» የሚሉበት ጊዜ አለ። ይሄን ከገባኝ በኋላ ሱቃቸው ስሄድ ቃል እየገመትኩ እወረውርላቸው ጀመር። ሲሳካልኝ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ይስቃሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የመርከብና የግመል ነገር ነው። ሆላንዶች በ1600ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ሲመጡ የገጠሟቸው ነጋዴዎች የፉጂየን ሰዎች ነበሩ። ጃቫ ላይም እነሱ፣ ታይዋን ላይም እነሱ። ሆላንዶች ታይዋን ላይ ከ1624 እስከ 1662 ምሽግ ሠርተው ተቀምጠዋል። እናም ቃሉን ከሽማግሌዬ አያት ቅድመ አያቶች አፍ ወሰዱ። ከዚያ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ጣሊያን። ሁሉም በ«ተ» ወገን ናቸው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ድሮ «ቴ» ነበር የሚሉት፣ «ቲ» ያደረጉት ኋላ ነው። ለካ እኔ ፈረንሳይኛ የመሰለኝ የሽማግሌው ቃል ነበር። ፈረንሳዮቹ ናቸው የሳቸውን የሚናገሩት።

ፖርቹጋሎች ግን ማካዎ ነበሩ። እዚያ የሚነገረው ካንቶንኛ ነው፣ ካንቶንኛ «ቻ» ይላል። ፖርቹጋሎች ዛሬም ሻይን «ሻ» ይላሉ፣ ሲጽፉት ግን የ«ቻ» አጻጻፍ ነው። በየብስ የሄደው «ቻ» ፋርስ ሲደርስ ጭራ አበቀለና «ቻይ» ሆነ። ቱርክ፣ ሩሲያ፣ ሕንድ፣ ስዋሂሊ፣ ሁሉም «ቻይ»። ፖላንዶች ከሁሉም ወጣ ብለው «ሄርባታ» ይላሉ፣ ውስጡ ያለው «ታ» ግን ያው የሽማግሌዬ ነው።

እኛስ?

ይሄ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ይበላኝ ነበር። እኛ «ቸ» አለን። ሰረዝ ጨምረን የሠራናት የራሳችን ፊደል። «ቻይና» ስንል አንደናቀፍም። ታዲያ ለምን «ቻይ» አላልንም? ለምን «ሻይ»?

መልሱ አረብኛ ነው። አረብኛ «ቸ» የለውም። «ቻይ» ከፋርስ ሲመጣለት የቅርቡን «ሸ» ተክቶ «ሻይ» አለ። እኛም ከአረብ እጅ ስንቀበል ከነጉድለቱ ተቀበልን። ኦሮምኛ «ሻዪ»፣ ሶማልኛ «ሻህ»። ትግርኛ ደግሞ «ሻሂ» ይላል፣ ልክ እንደ የመንና እንደ ሒጃዝ ሰዎች። ቀይ ባሕርን ወዲያና ወዲህ አንድ ሲኒ ያዞሩ ይመስላሉ። በኢራቅና በኩዌት «ቻይ» የሚሉ አረቦች አሉ፣ የፋርስ ጎረቤት ናቸውና። የኛ ቃል በዚያ በኩል አልመጣም። እስራኤል ያሉት ቤተሰቦቻችን ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠማቸው። ዕብራይስጥ «ቴ» ነው የሚለው። አያት «ሻይ» ትላለች፣ የልጅ ልጅ «ቴ» ይላል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከቻይና የወጡት ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን «ሲኒ» ነው። አረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል። ያው «ቸ» ስለሌላቸው ነው፣ ፋርሶች «ቺን» የሚሉትን ነው እንደዚያ ያደረጉት። «ሲኒ» ማለት «የቻይና» ማለት ነው፣ የቻይና ሸክላ። ይሄን ያወቅኩ ቀን ለእናቴ ደወልኩላት። «እማዬ፣ በቀን ሦስቴ ቡና የምትቀጂው በ‹ቻይናዬ› ነው» አልኳት። «ስልኩ ይቆጥራል፣ ጤና ነህ?» አለችኝ።

ወደ ምሥራቅ የሄዱት ቃላት ደግሞ ሌላ ኑሮ ኖሩ። ኮሪያዎች በበዓል ቀን ለአያቶቻቸው የሚያደርጉት ሥርዓት በቃሉ «የሻይ ሥርዓት» ነው፣ የሚቀርበው ግን በአብዛኛው ከሩዝ የተጠመቀ መጠጥ ነው። ሻዩ ሄዶ ስሙ ቀረ። ቬትናም ውስጥ በሰሜን «ቼ» ሻይ ነው። ደቡብ ወርደህ «ቼ» ብትል ጣፋጭ ገንፎ መሰል ነገር ያመጡልሃል። ጃፓኖች ሰው 108 ዓመት ሲሞላው «የሻይ ልደት» ይሉታል። ለምን ቢሉ፣ ፊደሏን ሲበትኗት ከላይ ያሉት ሁለት መስቀሎች ዐሥርና ዐሥር ናቸው፣ ከሥር ያለው ደግሞ 88 ተደርጎ ይነበባል። ሲደመር 108። ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያለ ነገር ያገኛል።

ጃፓንኛ ውስጥ የኛን «ቡናማ» የሚሉት «የሻይ ቀለም» ብለው ነው። እኔ ከጅማ ነኝ። አፈሩ፣ የቤቱ ግድግዳ፣ የአባቴ ኮት፣ ሁሉም ቡናማ ነበር። እነሱ ያንኑ ቀለም አይተው ሻይ ታያቸው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን እኔ የራሴን አልለውጥም።

ቻይናውያን ቡናን ሲጽፉ ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር አለ። «ካ ፌይ» ነው፣ ሁለት ፊደል። እያንዳንዱ ጎኑ ላይ ትንሽ አፍ አለው፣ «ይሄ ድምፅ ብቻ ነው» እንደማለት። አፉን ስታነሱለት የሁለተኛው ፊደል ቀሪ ክፍል ያው «ፌይ» ነው፣ አፍሪካን «ፌይጆው» ብለው ሲጠሩ የሚጽፉት «ፌይ»። ትርጉሙ «አይደለም» ነው፣ ግን ለድምፁ ነው የተወሰደው። ከአፍ አጠገብ አፍሪካ። ይሄንንም ግጥምጥሞሽ ነው ብላ መምህርቴ አርማኛለች። እሺ ብያለሁ። ማመን ግን አልፈለግኩም።

ተመርቄ ልመለስ ስል ሽማግሌው ግማሽ ኪሎ ቲየ ጓንዪን ሰጡኝ፣ የዚያው አገር ሻይ። ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ጅማ ደርሼ ለእናቴ እንደሳቸው አፈላሁላት፣ ያለ ስኳር፣ በሲኒ። አንዴ ቀመሰችና «የታጠበ ሣር ነው» አለች። ስኳር ጨመረች። ከዚያ የውሽውሹን ሻይ ቅጠል ከጓዳ አውጥታ ከላይ በተን አደረገችበት፣ «ነፍስ እንዲዘራ» ብላ።

«ለመሆኑ እንዴት ነው የሚጽፉት?» አለችኝ።

ረከቦቱ አጠገብ የፈሰሰ ውሃ ነበር። በጣቴ ዘጠኙን ጭረት ሳልኩላት። የመምህርቴን ታሪክ ነገርኳት። ይሄ ሣር ነው፣ ይሄ ዛፍ ነው፣ ይሄ መሀል ያለው ሰው ነው። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ።

ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሰው አይደለም» አለች። «ጣሪያ ነው። ሣሩ ክዳኑ ነው። ይሄ ምሰሶው ነው። ጎጆ ነው እንጂ ምን ሰው አለበት?»

ድጋሚ አየሁት። እውነትም ጎጆ ነው። ስለ ጉ ያንዉና ስለ ታይ ተራራ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ውሃው ደረቀ። እሷም ሲኒዎቹን ሰብስባ ልታጥብ ተነሳች።